ስም የማይጻፍበት ደረሰኝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ የደጋፊ ድርጅቶች ተወካዮች፤ ከሱሉልታ ለመጣችሁት በተለይ ምስጋና አለኝ። ቡራዩ ለመድረስ በአዲስ አበባ በኩል ዞራችሁ ሁለት ሦስት ታክሲ እንደቀያየራችሁ አውቃለሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ፊት ለፊት «የቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው እናቶች የማኅበረሰቡ ድጋፍ» የሚል ተጽፏል። እንዲህ ያለው ርዕስ ለሕግ ባለሙያ ወይም ለሐኪም ይሰጣል እንጂ ለሂሳብ ሠራተኛ ብዙም አይሰጥም። እኔ ያለኝ የአካውንቲንግ ዲፕሎማ ነው፤ የያዝኩትም የእናንተን የቁጠባ መዝገብ ነው። ስለዚህ የምናገረው በማውቀው በኩል፣ በገንዘቡ በኩል ነው። አንዲት እናት እየተደበደበች ለምን እንደምትቆይ ሲጠየቅ ብዙ መልስ ይሰጣል። ትወደዋለች ይባላል፣ መብቷን አታውቅም ይባላል፣ ለልጆቿ ስትል ነው ይባላል። ሁሉም የየራሱ እውነት ሊኖረው ይችላል። መዝገብ ለሚይዝ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚታየው ሂሳቡ የማይገጥም መሆኑ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሦስት ልጆች ያሏት፣ ትንሹ ገና ጡት ያልጣለ እናት አስቡ። ዛሬ ማታ ከቤት ለመውጣት ወሰነች። መጀመሪያ የባጃጅ ወይም የታክሲ ያስፈልጋታል፤ ከመሸ ደግሞ ኮንትራት ነው። ቅርብ ዘመድ ከሌላት ማደሪያ ትከፍላለች። ጠዋት ልጆቹ መብላት አለባቸው። የቀን ሥራ የምትሠራ ከሆነች የቀረችበት ቀን አይከፈላትም። ከተጎዳች ሕክምና አለ፣ መድኃኒት አለ። ለብቻዬ ቤት ልከራይ ካለች አከራዩ ቅድሚያ ይጠይቃታል፤ ቤቱ ከተገኘም ፍራሽ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ምድጃና ድስት የለም። ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ይቀይር ከተባለ የመልቀቂያ ወረቀት፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ይከተላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በጥሬ ብር፣ እሱ ሳያውቅ መሸፈን አለበት።

ይህች እናት እኮ ድሀ ላትሆን ትችላለች። ከቤቱ ግማሹ የእሷ ነው፣ ከከብቱ ግማሹ የእሷ ነው፣ ያልወጣላት ዕቁብም ሊኖራት ይችላል። በእኛ ሙያ ሀብት መኖርና ጥሬ ገንዘብ በእጅ መኖር ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። በዚያች ሌሊት ግማሽ ቤት ወደ ታክሲ ሂሳብ አይለወጥም። ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ ብሩ ሲያልቅ ተመልሳ ትገባለች፤ ጎረቤትም «ተመለሰች እኮ፣ ወዳው ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ሁለተኛ ስትወጣ ደግሞ የሚሰማት ሰው ከመጀመሪያው ጊዜ ያነሰ ነው።

ከዚህ በፊት ተቀጥሬ በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ ደሞዝ በባንክ መከፈል ሲጀምር ሁላችንም ለሴቶቹ ጥሩ ሆነላቸው ብለን ነበር። ደሞዝ በገባ በማግስቱ ግን እናቶቹ ቢሮዬ መጥተው የታክሲ ብር ይበደሩኝ ጀመር። ካርዱ ያለው ባል ኪስ ውስጥ ነው። ደሞዝ መግባቱን የሚናገረው መልእክት የሚደርሰው በባል ስልክ ነው። ፔሮሉ ላይ የፈረመችው ግን እሷ ናት፤ በወረቀት ስናየው ደሞዟን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ተቀብላለች። ገንዘብን መከልከል ጠባሳ ስለማይተው ከጥቃት የማይቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ እቆጥረዋለሁ። ዱላውን የሚያስችለው እሱ ነውና።

የአገሩን መጠን በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ባልና ሚስት ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ጠይቋል። አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ በፊት የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በትዳር ወይም በመሰል ግንኙነት ውስጥ ካለፉ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ጥናቱ ካያቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር።

ከ2016ቱ ጥናት እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ባል ሚስቱን ለመምታት የሚያበቃው ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለው የመለሱት፣ ማለትም ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አልተኛም ብትለው ቢመታት ልክ ነው ያሉት፣ ከሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ከወንዶቹ 28 በመቶ። አዎ፣ አልተሳሳትኩም፤ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይበልጣሉ። ይህን ያነሳሁት ሴቶችን ለመውቀስ አይደለም። «ታገሺ» የሚለውን ቃል ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት ስንሰማ አድገናል፤ የሰማነውን መልሰን ተናገርን። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የጠየቁት ከአራቱ አንዷ እንኳ አትሞላም። የጠየቁትም በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው፤ ፖሊስ ዘንድ የደረሱት ጥቂት ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ጣቢያ ጎረቤት ናት ማለት ነው። ያች ጎረቤት ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች።

ስለ ሕጉ ብዙ አልቆይም፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር፤ ሚስትም ለሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዝ አንቀጽ 635 ይደነግግ ነበር። ብዙዎቹ እናቶቻችን ያገቡት በዚያ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ከወተወቱ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አመራር እኩል አደረገ። ያ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው። እኛ ያለንበት ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛችሁ «የእኔ ጠበቃ እንዲህ አለኝ» ብትላችሁ እዚህም ጠይቁ። የወንጀሉ ሕግ ግን ለሁላችንም አንድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርን ሰው የሚመታ እንደማንኛውም የሌላ ሰው አካል እንደጎዳ ሰው ይጠየቃል ይላል። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ግን የለንም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኬንያ በ2015 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተው፣ ዳኛው «ወደ እሷ እንዳትጠጋ» ብሎ ባልን የሚያግድበት ትእዛዝ አላቸው። ወደፊት ይኖረን ይሆናል። እስኪኖረን ድረስ በሯን ማን ይጠብቃል ለሚለው መልሱ እኛው ነን።

ማረፊያ ቤቶችም አሉ። ቀድሞ ዳኛ የነበሩት ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ እናቶችን ከነልጆቻቸው ያስጠልላል፤ ሕክምና፣ ምክር፣ የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ በተለይ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ልጆች ሐኪሙንም ፖሊሱንም የሕግ ሰውንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። እነዚህ ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ አልጋ የላቸውም፤ ከሰበታ ዳር እስከዚያ ድረስ ያለውም መንገድ፣ ቀድሜ እንዳልኩት፣ የታክሲ ይጠይቃል።

የእኛ ከተሞች ከአዲስ አበባ የሚለዩበትን ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም ከተሞቻችን በሥሩ ገቡ። እዚህ ከምንኖረው ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶን የመጣን ነን፤ ሌሎቻችን በፋብሪካው ወይም በአበባ እርሻው ሥራ ከሩቅ የመጣን ነን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አያቶቻችን እዚሁ የኖሩ፣ ከተማው ራሱ መጥቶ ያገኘን ነን። ከውጭ የመጣችው እናት ሲመሽ የምትሮጥበት የእናት ቤት በቅርብ የላትም። መታወቂያዋ ምናልባት ሌላ ቦታ የወጣ ነው። የኦሮሚያ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አንዳንዷ እናት ቋንቋውን አትችልም። ደንግጣ፣ ልጅ አዝላ፣ በማትችለው ቋንቋ የደረሰባትን ማስረዳት ቀርቶ በራሷ ቋንቋም ይከብዳል። በዚህ ላይ ብር አያስፈልግም። በየቡድናችን ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምትናገር፣ ሲደወልላት አብራ ጣቢያ የምትሄድ አንዲት ሴት መመደብ ብቻ ነው። አብሮ ሰው የሄደላትና ብቻዋን የገባች እናት አንድ ዓይነት መስተንግዶ አይገጥማቸውም። «ሂጂና ታረቂ» የሚለውን ለብቸኛዋ መናገር ይቀላል።

አያቶቻቸው እዚህ የኖሩት እህቶቼ ደግሞ ሲንቄን ያውቁታል። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲንቄ የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ናት። ሚስት በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው፣ እነሱም ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌዎች መጥተው ነገሩን እስኪሰሙና አጥፊው ይቅርታ እስኪጠይቅ፣ ካሳም እስኪቆረጥበት ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በተለይ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ አራስ እናት ግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባል ጌጥ ታስራለች፤ ቀነፋ ያሰረችን ሴት መምታት ሴቶቹን ሁሉ ከቤት የሚያስወጣ በደል ነው። ዛሬ በእሬቻ በዓል ላይ እናቶች ሲንቄ ይዘው ስናይ ለጌጥ የያዙት ይመስለናል። ስሙ ባንክም ላይ ወጥቷል፤ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ሲንቄ ባንክ ሆኗል። (ለሂሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ስያሜ ነው፤ የሴት መጠበቂያና የሴት ቁጠባ በአንድ ስም።)

ሲንቄን ያነሳሁት ወደ ድሮ እንመለስ ለማለት አይደለም። ድሮም ቢሆን ፍቺ ቀላል አልነበረም። የማደንቀው አንድ ነገሩን ነው። ጩኸቷን የሰሙት ሴቶች እሷን «ታገሺ» አይሏትም፤ ጥያቄውን ወደ መታው ሰው ይዘው ይሄዳሉ። የእኛ የከተማ ሽምግልና ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሽማግሌን አልንቅም፤ ብዙ ቤት አቁመዋል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት በባልየው ሳሎን ነው፣ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ የተስማሙበት በወረቀት አይሰፍርም፣ ከወር በኋላም «እንዴት ሆናችሁ» ብሎ የሚመለስ የለም። በሂሳብ ቋንቋ ክትትል የሌለው ስምምነት ነው። ከማኅበራችን አንዲት እናት አብራ ብትቀመጥ፣ ቃሉ ቢጻፍና የመገናኛ ቀን ቢቆረጥ ሽምግልናውም ይከበራል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ቡድኖቻችን በየሳምንቱ ሲሰበሰቡ ሁለት ብር ያዋጣሉ፤ አንዱ ቁጠባ፣ ሌላው የማኅበራዊ ጉዳይ መዋጮ። የማኅበራዊ ጉዳዩ ለሐዘን፣ ለአራስ፣ ለታመመ ይውላል። የምጠይቀው ከዚህ መዋጮ ላይ ለብቻው የሚያዝ የድንገተኛ መውጫ ሂሳብ እንዲከፈት ነው። ብዙ ብር አልጠየቅኩም። ሃያ ሴቶች ያሉት አንድ ቡድን በሳምንት አሥር አሥር ብር ቢይዝ 200 ብር ነው፤ በ52 ሳምንት 10,400 ብር። የአንዲት እናትን ዓመት አይሸፍንም። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ግን ይሸፍናል፤ ሰው ተመልሶ የሚገባውም በእነሱ ነው።

ብሩ በብድር መልክ እንዳይሰጥ አጥብቄ እለምናለሁ። ብድር ዋስ ይጠይቃል፣ ዋሱ ደግሞ ዘመድ ነው፣ ዘመዱም ይናገራል። ብድር ፊርማ ይጠይቃል፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እንኳ ባልና ሚስት ከ500 ብር በላይ ሲበደሩ የሁለቱንም ስምምነት ይላል። የሚመታትን ሰው አስፈርማ ከእሱ የምትሸሽበትን ብር ልትበደር ነው? ስለዚህ እርዳታ ይሁን። ነገ እጇ ሲፈታ መመለስ ከፈለገች እንደማንኛውም ሰው ሣጥኑ ውስጥ ትጨምር፤ በስሟ ዕዳ አይጻፍ።

ፍጥነትም አለው። የኮሚቴ ስብሰባ እስኪጠራ፣ ቃለ ጉባኤ እስኪጻፍ የሚጠብቅ ብር ለዚህ ነገር አይሆንም። ሁለት ሰዎች በዚያው ሰዓት ተስማምተው ይስጡ። ጉባኤው በሦስት ወር አንዴ ድምሩን ብቻ ይስማ፤ ለማን እንደተሰጠ አይጠይቅ።

እዚህ ላይ ነው ከሙያዬ ጋር የምጣላው። ደረሰኝ ማለት ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን ማለት ነው። ይህን አራቱን ያልያዘ ወረቀት አልቀበልም ብዬ ስንቶቻችሁን መልሻለሁ። ነገር ግን ሌላ ማኅበር ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። አንዲት እናት ለመውጫ የሚሆን ብር ተሰጣት። ሂሳቡን የያዘችው ሴት ሥራዋን በደንብ የምትሠራ ናት፤ የወጪ ማዘዣው ላይ የእናቲቱን ሙሉ ስም ጻፈች፣ «ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ «ከባለቤቷ በደረሰባት ድብደባ ከቤት ለመውጣት» ብላ ሞላች፣ አስፈርማ ፋይሉን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ከሳምንት በኋላ የባልየው እህት፣ እሷም አባል ናት፣ የራሷን የቁጠባ ደብተር ለማስተካከል መጥታ ያንኑ ፋይል ስታገላብጥ አየችው። ማታውን ባልየው ያለችበትን ቤት በር አንኳኳ። እናቲቱ ተርፋለች፤ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ወረቀቱ በኦዲት ቢታይ አንድም ጉድለት አይገኝበትም ነበር።

ስለዚህ ያዘጋጀሁት አሠራር እንዲህ ነው። ደረሰኙ ላይ ስም አይጻፍም፤ ተራ ቁጥር ይጻፋል። ምክንያቱ በሚለው ላይ «መጓጓዣ»፣ «ማደሪያ»፣ «ሕክምና» ብቻ ይጻፋል። ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኝ አንድ ደብተር ብቻ ይኖራል፤ እሱም በታሸገ ፖስታ ሆኖ ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሰው እጅ ናቸው። ሣጥኑ ለኦዲተር ሦስቱም ባሉበት ይከፈታል፤ ኦዲተሩ ቁጥሩ እውነተኛ ሰው መሆኑን አይቶ መልሶ ያሽጋል፣ ሪፖርቱ ላይ ስም አይገለብጥም። ገንዘቡን የምትፈቅደው፣ የምትከፍለውና የምትመዘግበው ሦስት የተለያዩ ሴቶች ይሆናሉ። እኔ የምመዘግበው ነኝ፤ ስለዚህ እኔም ስሙን አላውቅም። ሌብነትን የሚከለክለው ሥራው በተለያዩ እጆች መከፋፈሉ ነው።

የደጋፊ ድርጅቶች ተወካዮች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ድጋፋችሁን ስትሰጡን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸውና ከነፊርማቸው፣ አንዳንዴም ፎቶግራፍ ትጠይቁናላችሁ። ለስፌት መኪናውና ለዶሮው እርባታ በደስታ እንሰጣለን። ለዚህ ሂሳብ ግን አንሰጥም። የምንሰጣችሁ የደረሰኞቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን መጠን፣ የወጪውን ዓይነትና የኦዲተሩን ደብዳቤ ነው። ለበላዮቻችሁ መልስ መስጠት እንዳለባችሁ እረዳለሁ፤ እኔም ለመልስ የሚሆን ወረቀት ሳዘጋጅ ነው የምኖረው። ስም ካላየን አንረዳም የምትሉ ከሆነ ግን ይህን ሂሳብ ከአሥር ብሩ ብቻ እንይዘዋለን፤ ትንሽ ይሆናል፣ ይቆያል።

ሣጥኑ ለሌላም ይሁነን። የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድና የክትባት ካርድ፣ የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር ቅጂ ከቤት ውጭ የተቀመጠላት እናት ስትወጣ ባዶ እጇን አትወጣም። ሐኪም ቤት የተሰጣት ማስረጃ ካለም እዚያው ይግባ፤ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀት ይቀደዳል። ማንኛዋም አባል፣ ትዳሯ ሰላምም ቢሆን፣ ቅጂዎቿን በፖስታ አሽጋ ታስቀምጥ። ሁላችንም ካስቀመጥን የትኛዋ ለምን እንዳስቀመጠች አይታወቅም። እኔ የእናቴን ቤት ካርታ ቅጂ አመጣለሁ።

ስለ ዕድርም ልናገር። በብዙ ዕድር መዝገብ ላይ የሚገኘው የባል ስም ነው። ለዓመታት እንጀራ የጋገረችው፣ ለቅሶ ቤት ያደረችው ሚስት ከቤት ስትወጣ ዕድሩ ከባልየው ጋር ይቀራል። እናቷ ብትሞት ድንኳኑ የሚተከልላት የለም። ይህ ለብዙ እናት ከዱላው ያላነሰ ፍርሃት መሆኑን ከእናንተው ሰምቻለሁ። የዕድር ዳኞችን የምታውቁ እናቶች፣ ሚስትም በስሟ ተመዝግባ ብትለያይ እንደያዘች እንድትቀጥል አነጋግሩልን። የሴቶች ዕድር ያላችሁ ደግሞ በሩን ክፈቱላት።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው ማኅበሩ ትዳር ያፈርሳል የሚል ነው። ማንንም ውጪ አንልም። እንዲያውም የምትወጣበት ሰዓት ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለበት ነው፤ በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች በየአገሩ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቀኑን የምትመርጠው እሷ ናት፣ መቆየትንም ልትመርጥ ትችላለች፤ ከቆየችም እናውቃታለን፣ እንጠይቃታለን፣ ልጆቿን ሲጨልምባቸው እናሳድራለን። መውጫ ብር እንዳላት የምታውቅ ሴት ቤቷ ውስጥ የምትናገርበት ድምፅም ይለያል። ሁለተኛው ተቃውሞ አንዳንዷ ሳትደበደብ ተደበደብኩ ብላ ብሩን ትወስዳለች የሚል ነው። ትወስድ ይሆናል። በዓመት አንዷ ብታታልለን የምናጣው የታክሲና የሁለት ሌሊት ማደሪያ ነው፤ ለዚያ ሲባል ሌሎቹን ቁስልሽን አሳዪን ማለት አልፈልግም። በንግድ ቤትም የማይሰበሰብ ብድር የሚባል መስመር አለ፤ መደብሩን የሚዘጋው የለም።

የመተዳደሪያ ደንቡ ማሻሻያ ረቂቅ ከቡና በኋላ ይታደላል። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ማንበብ የማይመቻቸው እናቶች አጠገባቸው ያለችው ታንብብላቸው። የአፋን ኦሮሞው ቅጂ ከጀርባው አለ። ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በፊት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተነጋገሩበት፤ ቁልፍ የሚይዙት ሦስቱ ሴቶች። ከሦስቱ ከተሞች አንዳንድ ይሁኑ፣ በዘመድ አይገናኙ፣ ለባላቸውም ሣጥኑ የት እንዳለ የማይናገሩ ይሁኑ። እኔ ቁልፍ መያዝ ስለማልችል ስሜን አትጥሩ።